ጉሮሮ ሲታመም ማን ይከሰስ?

ፈተና በቀረበ ቁጥር፣ ነፋስም በነፈሰ ቁጥር፣ በተማሪዎች መኝታ ቤቶች ከሚሰሙት ቃላት አንዱ «ቶንሲል ያዘኝ» የሚለው ነው። ቃሉ ተነግሮ ሳያልቅ መድኃኒቱ ይቀርባል። አንዱ ከባለፈው ወር የተረፈውን የአሞክሲሲሊን እንክብል ከሳጥኑ ያወጣል፤ ሌላው ወደ መድኃኒት ቤት ሮጦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጥቂት ፍሬ ይገዛል። ታማሚውም አንድ ሁለት ቀን ይውጥና ሕመሙ ቀለል ሲለው የቀረውን ለሚቀጥለው በሽተኛ ያስቀምጣል።

ይህን ልማድ ብዙዎች እንደ መልካም ጓደኝነት ይቆጥሩታል። እኛ ግን ሁለት ጊዜ የሚጎዳ ልማድ ነው እንላለን። አንደኛ፣ መድኃኒት የማያስፈልገውን ጉሮሮ በከንቱ በመድኃኒት ይደበድባል። ሁለተኛ፣ መድኃኒት በብርቱ የሚያስፈልገውን ጉሮሮ ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል። የዚህ የሁለተኛው ጥፋት ዕዳ ደግሞ የሚከፈለው በጉሮሮ ሳይሆን በልብ ነው። ነገሩ ተራ የጉንፋን ወሬ ሳይሆን በመጽሔታችን ሊነሣ የሚገባው ጉዳይ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ አፋችን ባዶ ቤት አለመሆኑን እንወቅ። በ1683 (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ የሚኖረው የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ከገዛ ጥርሶቹ መካከል የፋቀውን ነጭ ነገር በራሱ እጅ ባበጀው ማጉያ መስተዋት ተመለከተ። ሰውየው ጥርሱን በየማለዳው በጨው የሚያሽ፣ ለአፉ ንጽሕና የሚጠነቀቅ ሰው ነበር። ሆኖም በዚያች በጥቂቷ ነገር ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚዋኙ፣ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ጥቃቅን ነፍሳት አየና ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። በኮምጣጤም ቢሞክራቸው ኮምጣጤው የገደለው ከላይ ያሉትን ብቻ እንደ ነበረና ከሥር ያሉት እንደ ተረፉ አስተዋለ። ዛሬ ባክቴሪያ የምንላቸውን የአፍ ነዋሪዎች ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቃቸው በዚህ ዓይነት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሰው ልጆች አፍ ውስጥ ከ700 በላይ የባክቴሪያ ዓይነቶች ተለይተው ታውቀዋል። ምላስ የራሷ ነዋሪዎች አሏት፤ ጥርስ የራሱ፣ ድድ የራሱ፣ ቶንሲልም በጎድጓዳዎቹ ውስጥ የሚያስጠጋቸው የራሱ አሉት። «ጀርም» የሚለውን ቃል በሰማን ቁጥር ጠላት ብቻ የሚታየን ከሆነ ይህን ቁጥር ስንሰማ መደንገጣችን አይቀርም። ነገር ግን ከእነዚህ አብዛኞቹ ከሕፃንነታችን ጀምሮ አብረውን የኖሩ፣ ክፉ ያላደረጉብን ጎረቤቶች ናቸው። እንዲያውም ከመካከላቸው የሚጠቅሙን አሉ። ከጎመንና ከሰላጣ የምናገኘውን ናይትሬት የተባለ ንጥረ ነገር በምላስ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ሰውነታችንም ይህን ተጠቅሞ የደም ሥሮችን ያላላል። በብርቱ የአፍ ማጠቢያ መድኃኒት እነዚህን ባክቴሪያዎች በገደሉ ሰዎች ላይ የደም ግፊት በመጠኑ ከፍ ማለቱ በጥናት ታይቷል።

ለጉሮሮ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ስትሬፕቶኮከስ ሳሊቫሪየስ የተባለው ነው። ይህ ባክቴሪያ ሕፃን በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአፉ ይሰፍራል። በኒው ዚላንድ አገር በኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ጆን ታግ የተባሉት ሊቅ ከጤነኛ ልጅ አፍ ያገኙት ኬ 12 የተባለው ዘሩ፣ የጉሮሮ ቁስል አምጪ የሆነውን ዘመዱን የሚያግድ ንጥረ ነገር ሲያመነጭ ተገኝቷል። ቦታ የያዘ ነዋሪ ለወራሪ ቦታ አይለቅም እንደ ማለት ነው። ይህን ባክቴሪያ እንደ መድኃኒት በመስጠት የጉሮሮ ሕመምን መከላከል ይቻላል ለማለት የተደረጉት ሙከራዎች ገና የተረጋገጠ ውጤት አላስገኙም። ስለዚህ ማንም ነጋዴ በዚህ ስም የሚሸጠውን ነገር እንድትገዙ አንመክርም። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል፦ ያለ ፍርድ የሚዋጥ የባክቴሪያ መድኃኒት ወራሪውን ብቻ ሳይሆን ዘበኛውንም ይገድላል።

እንግዲህ ጉሮሮ ሲታመም የሚከሰሰው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያ አይደለም፤ ቫይረስ ነው። የጉሮሮ ሕመም ይዟቸው ወደ ሐኪም ከሚሄዱት ጎልማሶች መካከል ከ100 ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ብቻ ናቸው በምድብ «ሀ» ስትሬፕቶኮከስ የተያዙት። በልጆች ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከ20 እስከ 30 ይደርሳል። የቀረው በአብዛኛው የጉንፋን ወገን የሆነ ቫይረስ ነውና አሞክሲሲሊን አንዳች አያደርገውም፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ራሱ ይለቃል። ሰውም በሦስተኛው ቀን ሲሻለው «እንክብሉ አዳነኝ» ይላል። እንክብሉ ግን ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ያለ አገልጋይ ነበር።

ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ሮበርት ሴንተር የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም በ1981 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጧቸው አራት ናቸው፦ ትኩሳት መኖሩ፣ ሳል አለመኖሩ፣ በአንገት ፊት ለፊት የሚያም ንፍፊት መውጣቱና በቶንሲል ላይ ነጭ መግል መታየቱ። አፍንጫው የሚፈስ፣ የሚያስልና ድምፁ የጎረነነ ሰው በአብዛኛው የቫይረስ በሽተኛ ነው። አራቱም ምልክቶች የተሟሉለት ጎልማሳ እንኳ ስትሬፕቶኮከስ የሚገኝበት በግምት ግማሽ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ለማወቅ ጉሮሮን በጥጥ ጠርጎ መመርመር ያስፈልጋል። በዐይን ግምት፣ ይልቁንም በመኝታ ቤት ጓደኛ ግምት፣ የሚፈረድ ፍርድ አይደለም።

«ታዲያ አብዛኛው በራሱ የሚድን ከሆነ ጭራሽ ብንተወውስ?» የሚል ይኖራል። ከባዱ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በስትሬፕቶኮከስ የተያዘ ጉሮሮ ሳይታከም ቢቀር ሕመሙ ይተዋል፤ ነገሩ ግን አላለቀም። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ በአንዳንዶች ላይ፣ በተለይም ከ5 እስከ 15 ዓመት በሆናቸው ልጆች ላይ፣ ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ የሚዘዋወር ቁርጥማትና ትኩሳት ይነሣል። ሐኪሞች ሩማቲክ ፊቨር ይሉታል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት ያሰለፈው ሠራዊት ወገኑን ከጠላቱ መለየት አቅቶት የልብን በሮች ይወጋል። የልብ በር በተደጋጋሚ ሲቆስል ይጠነክራል፣ ይጠባል፣ ወይም አልዘጋ ይላል። ልጁም ካደገ በኋላ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። የልብ በር በቀዶ ሕክምና ማስቀየር ደግሞ ለአብዛኛው የአገራችን ቤተሰብ የማይደረስበት ነገር ነው።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። በ2016 በወጣ ጥናት በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍሎች ከ3,000 በላይ ተማሪዎች ልባቸው በአልትራሳውንድ ሲታይ ከ1,000 ተማሪዎች ወደ 20 የሚጠጉት የዚህ የልብ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። አብዛኞቹም ሳያውቁት ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሱ ልጆች ነበሩ። ይህን ቁጥር ይዘን በአንድ ትልቅ አዳራሽ የምንቀመጠውን ተማሪዎች እናስብ። ከመካከላችን የልቡ በር የቆሰለ የለም ብሎ የሚምል ማን ነው?

የአፍ ነዋሪዎች ነገር እንደገና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ጎረቤቶች ያልናቸው የአፍ ስትሬፕቶኮከሶች ድድ ሲደማ፣ ጥርስ ሲነቀል፣ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ወደ ደም ይገባሉ። ጤነኛ ልብ ሳይሰማው ያሳልፋቸዋል። በቆሰለ የልብ በር ላይ ግን ማረፊያ ያገኛሉ፤ ይሰፍራሉ፣ ይራባሉ፣ በሩንም ይበሉታል። ሳይታከም ቢቀር የሚገድል በሽታ ነው። እንግዲህ ነገሩ ሰንሰለት ነው፦ እንግዳው ባክቴሪያ በጉሮሮ መጥቶ ልብን ያቆስላል፤ ነዋሪው ደግሞ በተበላሸ ጥርስ በኩል ገብቶ በቁስሉ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የልብ በር ሕመም ያለበት ጓደኛ ጥርሱን ከማንም ይበልጥ ሊጠብቅ፣ ጥርስ ከማስነቀሉም በፊት ሕመሙን ለሐኪሙ ሊናገር ይገባዋል። የአፍ ንጽሕናም ለውበት ብቻ አይደለም። የወይራ መፋቂያ ይሁን የጥርስ ብሩሽ፣ በሚገባና በየዕለቱ ከተሠራበት ሁለቱም መልካም ናቸው።

ነዋሪ ሁሉ ሁልጊዜ ሰላማዊ ነው አላልንም። በእኛ ዕድሜ ላይ በተለይ የሚነሣ አንድ አለ፤ ፊውዞባክቴሪየም ኔክሮፎረም ይባላል፤ አየር በሌለበት ጎድጓዳ መኖር ይወዳል። በ2015 በአሜሪካ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ክሊኒክ የተደረገ ጥናት ወጥቶ ነበር። ጉሮሯቸውን ከታመሙት ከ15 እስከ 30 ዓመት ከሆናቸው ወጣቶች ከ100 በ20ዎቹ ላይ ይህ ባክቴሪያ ሲገኝ፣ ምድብ «ሀ» ስትሬፕቶኮከስ የተገኘው ግን በ10ሩ ላይ ብቻ ነበር። ከጤነኞቹ ተማሪዎችም ከ100 በ9ኙ ላይ ያው ባክቴሪያ ተቀምጦ ተገኝቷል። ነዋሪውና ወንጀለኛው አንድ ሲሆኑ መለየት ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ እንረዳለን።

ይህ ባክቴሪያ ከስንት አንድ ጊዜ የጉሮሮውን ግድግዳ አልፎ በአንገት የደም ሥር ውስጥ ይገባና ደሙን ያረጋዋል፤ ከዚያም መግሉን ወደ ሳንባ ይረጫል። ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ለሚዬር በ1936 እንዲህ ባለ የደም መመረዝ የተያዙ 20 በሽተኞችን ጠቅሰው ሲጽፉ 18ቱ ሞተው ነበር። ያን ጊዜ ፔኒሲሊን በሐኪም እጅ አልነበረም። ዛሬ መድኃኒት አለ፤ ቢሆንም በመድኃኒት ቤቶች «ሦስት ፍሬ ውጠህ ተገላገል» እየተባለ የሚሸጠው አዚትሮማይሲን ይህን ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ አይበግረውም። ስለዚህ ጉሮሮው ከአራት ከአምስት ቀን በኋላ እየባሰበት የሄደ፣ በአንድ ወገን ብቻ አንገቱ ያበጠ፣ አፉን መክፈት ወይም ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ ብርድ ብርድ እያለው የሚንቀጠቀጥ ሰው ቢኖር እንክብል ሳይሆን ሐኪም ቤት ያስፈልገዋል፤ ያውም በዚያው ቀን።

ወደ ግማሽ መንገድ ሕክምና እንመለስ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይላል ገበሬው አባታችን። ምድብ «ሀ» ስትሬፕቶኮከስ ፔኒሲሊንን የሚቋቋም ዘር እስከ ዛሬ በበሽተኞች ላይ አላስነሣም፤ ይህም ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን በልብ ላይ የሚመጣውን ጣጣ ለመከላከል የሚዋጠው ፔኒሲሊን 10 ቀን ሙሉ መወሰድ አለበት፤ ወይም ረጅም ጊዜ የሚቆየው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አንድ ጊዜ ይወጋል። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ሕክምናው ከተጀመረ ልብን ማዳን ይቻላል። ሦስት ቀን ውጦ ማቆም ግን ሕመሙን ማስታገስ እንጂ ባክቴሪያውን ማጥፋት አይደለም።

በዚህ መካከል ደግሞ የአፍ ነዋሪዎች ይማራሉ። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መድኃኒት የቀመሱ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን የሚቋቋሙበትን ዘዴ ያበጃሉ፤ ያበጁትንም ለጎረቤቶቻቸው ያውሳሉ። የሳንባ ምች አምጪው ኒሞኮከስ ፔኒሲሊንን መቋቋም የቻለበትን የዘር ቅንጣት በከፊል ያገኘው ምንም ጉዳት ከማያደርሱት የአፍ ስትሬፕቶኮከሶች እንደ ሆነ ሊቃውንት ደርሰውበታል። እንግዲህ ዛሬ ለጉንፋን የዋጥነው አሞክሲሲሊን ነገ የታናሽ ወንድማችንን የሳንባ ምች የማይታከም ሊያደርገው ይችላል። በተጨማሪም ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አለ። ያለ ሐኪም እጅ ለጓደኛ የተሰጠ አንድ ፍሬ ጓደኛን ሊገድል ይችላል።

ከመኝታ ቤታችን ወጥተን ወደየቤታችን ብንመለከት ደግሞ የጉሮሮ ክስ በሌላ ንጹሕ አካል ላይ ሲፈረድ እናያለን። ሕፃን ጉሮሮው ሲያብጥ፣ ሲያስለው፣ ወተት አልዋጥ ሲለው፣ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባልና ባለ ምላጭ ተጠርቶ እንጥሉን ይቆርጣል። እንጥል ባክቴሪያ አያመጣም፤ ሲቆረጥም ባክቴሪያውን ይዞ አይወጣም። ይልቁንም ያልነጻው ምላጭ ደም መፍሰስን፣ መመረዝንና ቴታነስን ይጋብዛል፤ ስትሬፕቶኮከሱም በስፍራው ይቀራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሕፃንን እንጥል መቁረጥ ከሚያስቀጡ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ጋር ቆጥሮታል። ሆኖም ሕግ ብቻውን እናቶችን አያሳምንም። እናት ልጇን ለቆራጭ የምትሰጠው ከክፋት ሳይሆን ከፍቅርና ከጭንቀት ነውና፣ ልትሰማው የሚገባት ነቀፋ ሳይሆን መልስ ነው፦ «እትዬ፣ ሕመሙ ከእንጥሉ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ እንውሰደው፤ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።» ዝንጅብል በማር፣ ለብ ባለ ውኃ የተበጠበጠ ጨው፣ እነዚህ ማስታገሻዎች ለእኛና ለአዋቂ ሁሉ መልካም ናቸው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ሊቀርብብን ይችላል። «በየገጠሩ የጉሮሮ ምርመራ መሣሪያ የለም። መርምሩ ማለት ለድሀ አገር ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ነው። ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም። ምርመራ በሌለበት ቦታ የሠለጠነ የጤና ባለሙያ የልጁን ዕድሜና ምልክቶቹን አይቶ ፔኒሲሊን ቢሰጥ በትክክል ሠርቷል፤ የልብ ሕመም በበዛበት አገር በዚህ በኩል መለገም አይገባም። ነገር ግን ይህ አይቶ፣ ጠይቆ፣ መዝኖ፣ ሙሉ መጠን መስጠት ነው። ከሳጥን የወጣ ሦስት ፍሬ ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ድህነት የምርመራ መሣሪያ ያሳጣን ይሆናል፤ ማስተዋልን ግን አያሳጣንም።

ሊሆን እንደሚችል ሌሎች አሳይተውናል። በኩባ በፒናር ዴል ሪዮ ከ1986 እስከ 1996 ድረስ ለዐሥር ዓመት በተካሄደ ዘመቻ ሐኪሞች ብቻ ሳይሆኑ አስተማሪዎች፣ ወላጆችና ተማሪዎች የጉሮሮ ሕመምና የልብ ሕመም ዝምድና ተምረዋል። በሩማቲክ ፊቨር የተያዘ ሁሉ በመዝገብ ሰፍሮ መርፌውን በጊዜው እንዲያገኝ ይጠበቅ ነበር። ከ5 እስከ 25 ዓመት ከሆናቸው 100,000 ሰዎች በየዓመቱ ከ18 በላይ የነበረው የበሽታው ቁጥር በመጨረሻ ከ3 በታች ወረደ። የተሠራበት ዋና መድኃኒት አሮጌው ፔኒሲሊን ነበር፤ አዲሱ ነገር ዕውቀቱ ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ ሕዝብ መግባቱ ነው።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የተማሪዎች ክሊኒክ ጉሮሮ ለታመመ ተማሪ ሁሉ ክኒን ከማደል በፊት አራቱን ምልክቶች እንዲያይ፣ ፈጣን የጉሮሮ ምርመራም እንዲያገኝ ከአስተዳደሩ ጋር ይነጋገር። ሁለተኛ፣ በዚያው በሐኪም ቤት የሚያደርሱት የአደጋ ምልክቶች በግልጽ አማርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን ተጽፈው በየመኝታ ቤቱ በር ይለጠፉ። ሦስተኛ፣ በክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንበተን ስለ እንጥል መቁረጥና ስለ ልጆች ጉሮሮ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ወረቀት እያንዳንዳችን ይዘን እንሂድ። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ይህ መጽሔት ከሚታተምበት ወረቀትና ቀለም አይበልጥም።

እስከዚያው ድረስ ግን ማኅበሩን የማንጠብቅበት አንድ ሥራ አለ። በየሳጥናችን ያለውን ትርፍ እንክብል ወደ መድኃኒት ቤቱ ወይም ወደ ክሊኒኩ እንመልስ፤ ሐኪም 10 ቀን ያዘዘለት ጓደኛ በ4ኛው ቀን ሲሻለው «በቃኝ» ቢል፣ ስድስት ቀን እንደ ቀረው እናስታውሰው።